ለቤተሰብ ብቻ የሚነገር የደም ውጤት

ለተከበሩ የልብ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

የእኔን ልብ ለጊዜው እናቆየውና የእርስዎ እንዴት ከርሟል? እንቅልፍዎ የሰላም፣ ማዕድዎም ሰው የማይጠፋበት እንዲሆን ከልቤ፣ ማለትም ከተረፈኝ ልብ፣ እመኛለሁ።

እኔ በክፍልዎ የታከምኩ ጡረተኛ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ዕድሜዬን ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከግድግዳ ጋር የማወራ፣ ልጅም ያልወለድኩ ሴት ነኝና ቅሬታዬን በምስጋና ጠቅልዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. የጠበበውን የልቤን ደም ሥር ከፍታችሁ ስቴንት የተባለውን የሽቦ ቱቦ ስላስገባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪምዎ «እማማ፣ ልብዎ እንደ አዲስ ሆኗል» ሲሉኝ አምኜ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ዋስትና እንዳለው ነው የማውቀው።

2. ለክትትል ስመለስ፣ በሰውነቴ ውስጥ ብግነት፣ ማለትም የሥጋ መቆጣት፣ መኖር አለመኖሩን ለማየት ደም ተወሰደልኝ። ነርሷ፣ ትሕትናዋ ይባረክና፣ ውጤቱ ከፍ ካለ እንደሚደወል፣ ካልተደወለ ግን ሰላም ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ሆኖም ገላዬን ስታጠብ እንኳ ስልኩን ባልዲው አጠገብ እያስቀመጥኩ ጠበቅሁ። አንድ ቀን ጮኸ፤ ጎማ ሻጭ መስዬው የደወለ ሹፌር ነበር። ተሳስተሃል ማለት ሲገባኝ የጎማውን ልክ ጠየቅሁት፤ ስለ መንገዱና ስለ ልጆቹም ጠየቅሁት፤ ነገሩ ሲገባው «ይቅርታ እናቴ፣ ደህና ይዋሉ» ብሎ ዘጋ። በዚያ ጨዋታችን መሃል ክፍልዎ ደውሎ ስላላቋረጠን ውለታው አለብኝ።

3. ከገበያ ስመለስ ደረጃው ላይ ደረቴን ድንጋይ የተጫነው መሰለኝ። አንድ የታክሲ ነጂ ደግፎ ሆስፒታላችሁ አደረሰኝ። ተረኛዋ ሐኪም ኮምፒውተሯን ከፍታ መዝገቤን አነበበች። ውጤቱ ለካ ከደረሰ ቆይቷል፤ ብግነቱም ከፍ ብሎ ነበር። ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ ባይሆንም ታካሚውን ቀረብ ብሎ ማየት እንደሚያሻ አስረዳችኝ፤ እስከዚያው ግን ስቴንቱ ውስጥ ደም ረግቷል። ለምን እንዳልተነገረኝ ብጠይቅ፣ ታካሚው እንዳይደነግጥ ክፉ ውጤት የሚነገረው ለቤተሰቡ ነው ተባልኩ። በእኔ መዝገብ የቤተሰብ ስልክ ስለሌለ ወሬው የሚሰማው ሰው አጥቶ ተቀመጠ። ከድንጋጤ ልታድኑኝ እስከ ሞት ድረስ ስለተጨነቃችሁልኝ በምን ቃል ላመስግን?

4. የረጋው ደም ወጥቶልኝ ተረፍኩ። ከልቤ ጡንቻ የሞተው ግን ሞቷል፤ ዛሬ ወደ ቤቴ የምወጣው በየመሃሉ ደረጃው ላይ እየተቀመጥኩ ነው። ተኝቼ ሳለሁ በጥየቃ ሰዓት ከጎኔ ያለችው ታማሚ ዘመዶች መቀመጫ ሲያጥራቸው የእኔን ወንበር ወሰዱ፤ ሲሄዱም መለሱልኝ። ወንበሩ ሞቆ ነበር። እጄን እስኪቀዘቅዝ ድረስ አሳረፍኩበት።

የምለምነው ትንሽ ነው፤ ሰው የሌለው ሰው ሲመጣባችሁ የደሙን ነገር ለደሙ ባለቤት ንገሩት። መደንገጥ እንችላለን፤ ብቻችንን ስንደነግጥ ነው የኖርነው።

ሁለት ጊዜ ያዳናችኋት፣ በመካከሉ የረሳችኋት፣
እርስዎን ከማክበር ግን ያልቦዘነች ታካሚዎ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ትናንት እንደገና ደም ሰጥቻለሁ። የቤተሰብ ተጠሪ የግድ ነው ስለተባልኩ የእርስዎን ስምና ስልክ አስመዝግቤአለሁ፤ ዝምድናውን «ወንድም» ብያለሁ። እንግዲህ ውጤቱ ክፉ ከሆነ ለእርስዎ ይነገርዎታል። እባክዎ አይደንግጡ።