የማይለቀው ሂና

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ጠዋት ከቤት የወጣሁት ጋሽ ታደሰን ልጠይቅ ነበር፤ ከታመሙ ወር አልፏቸዋል። ባለሱቋ ዘይነባ ከደጇ ጠራችኝ። "ነይ እንጂ! ልጄን እየዳርኩ ዝም ብለሽ ልታልፊ ነው?"

ገባሁ። ለሙሽራዋ ከተበጠበጠው ሂና ሁለቱንም እጄን ቀብታ በፌስታል አሰረችልኝ። ደስ ብሎኝ ወሬዬን ስሰልቀው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ታጥቤ የእጄን መቅላት ሳደንቅ ከጋሽ ታደሰ ቤት ጩኸት ተሰማ።

በሳሙና ብፈትገው፣ በበረኪና ብሞክረው አለቅ አለኝ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ለቅሶ ቤት ገባሁ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሲያቅፉኝ ነጠላው ተንሸራተተ። ከኋላዬ አንዷ "ሰርግ ቤት መሰላት እንዴ?" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን መልሼ ነጠላው ውስጥ ልከት ታገልኩ።

እትዬ አስካለ ግን እጄን ይዘው አገላበጡት። "እኔም ስዳር እንሶስላ ሞቄ ነበር። ቀለሙ እስኪለቅ ታደሰ እጄን እየያዘ ያየው ነበር" አሉ። እጄን ሳይለቁ ደግሞ "ጠዋት ስላንቺ ጠይቆ ነበር። 'ያቺ ለፍላፊ ዛሬ የት ቀረች?' አለኝ" አሉኝ።

እስክሪብቶ የያዘው እጄ አሁንም ቀይ ነው። ዘይነባ ሦስት ሳምንት አይለቅም ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።