የመኪናዎን ጥላ ስላቆመው የትራክተራችን ብረት

ለእርሻ መሣሪያዎች ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ሁለቱ እግሮችዎ፣ ሁለቱ ክንዶችዎ፣ አከርካሪዎና የጎድን አጥንቶችዎ በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አለኝ። ሰላምታ ሲቀርብ «እንደምን ነዎት» ብሎ በጥቅሉ ማለፍ ወግ መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ከባለቤቴ አደጋ ወዲህ የሰውን ደኅንነት አጥንት በአጥንት ካልጠየቅኩ ልቤ የማያርፍ ሴት ሆኛለሁና ይቅር ይበሉኝ። እኛ ያው እንዳለን አለን። ባለቤቴ ከአንድ እግሩ ጋር አልጋ ላይ ነው፤ ሌላው እግሩ ቀድሞት ተቀብሯል።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አቤቱታዎች በቢሮዎ ከፍ ያለ ክብር ስላገኙ ነው፤ ማንም ደፍሮ አልከፈታቸውም። ጉዳዬ አንድ ነው። ባለቤቴን የደፈጠጠውን ትራክተር በመጪው ሐሙስ ከግቢያችን አስወጥተው ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ሊያስረክቧት መወሰንዎን ሰምተናል። ልብስ ሰፊዋ እንድትሞት አልፈልግም። ይህንኑ በትሕትና ለማስረዳት ምስጋናዎቼን በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት ለትንሽ ማሳ የሚሆን ትራክተር ራሳችን እንድንመርጥ በክብር ተጠርተን ነበር። በግቢዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆመው አገኘን፤ አንዱ አጭር፣ ጎማው ሰፊ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ ስለሆነ ሰዉ ወዲያው «ዳክዬ» አለው፤ ሁለተኛው ረጅም፣ ጎማው ቀጭን፣ ነጂውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ነበርና «ግመል» ተባለ። የእኛ መሬት፣ ክቡር ሆይ፣ ከቤታችን ደጃፍ ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁል ነው፤ ሽንኩርት ከእጄ ቢያመልጠኝ ወንዝ ዳር ወርጄ ነው የማነሣው። ስለዚህ ባለቤቴ ሁለቱን እየዞረ አየ፤ ከሥራቸው ገብቶ ተኛ፤ በትከሻው ገፋ ገፋ አደረጋቸው፤ ግመሉ ሲወዛወዝ ዳክዬው ንቅንቅ አላለም። እኛም በአንድ ቃል ዳክዬውን አልን። ኮሚቴዎ ግን አዳራሽ ሰብስቦን ግመሉ የፈረስ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ በዚያ ላይ ከመንገድ ማዶ ይታያል ብሎ ግመሉን መረጠልን። እኔ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ ያችን ለምታህል መሬት ያን ሁሉ ፈረስ ብናስገባ ፈረሶቹ የት ይቆማሉ ብዬ ብጠይቅ፣ ከአዳራሹ ሁሉ አብልጠው የሳቁት እርስዎ ነበሩ። ምርጫ ማለት እርስዎ መርጠው እኛ የምናጨበጭብበት ሥነ ሥርዓት መሆኑን የተረዳነው ቆይቶ ነው፤ ባለቤቴም ከእጅ አይሻል ዶማ ብሎ ግመሉን ተቀበለ።

ሁለተኛ፣ ስለ ብረቱ አመሰግናለሁ። ትራክተሮቹ ሲመጡ ከወንበራቸው በስተኋላ እንደ በር መቃን የቆመ ወፍራም ብረት ነበራቸው፤ ማሽኑ ቢገለበጥ ክብደቱን ብረቱ ተሸክሞ ነጂውን ከመጨፍለቅ ያተርፈዋል። ይህን ያወቅኩት ተምሬ ሳይሆን በማሽኑ ጎን ላይ ሥዕል ስለተለጠፈ ነው፤ የተገለበጠ ትራክተር፣ ከሥሩ ሰው፣ ማንበብ ለማይችል እንኳ የሚገባ ሥዕል ነበር። የርክክቡ ዕለት ታዲያ የእርስዎን የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት የያዘው ጨርቅ በግቢዎ በር ላይ ዝቅ ብሎ ተሰቅሎ ስለነበር ብረቶቹ ሊቀድዱት ሆነ። ጨርቁን ከፍ ለማድረግ መሰላል ያስፈልጋል፤ መሰላሉ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ፈቃድ ወጥቷል። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር። የእርስዎ ግን በያጅ አስጠርቶ የሁሉንም ትራክተሮች ብረት ከሥሩ አስቆረጠ፤ በሥዕሉም ላይ የጽሕፈት ቤቱ ዓርማ ተለጠፈበት። ባለቤቴ ብረቱ የት ሄደ ብሎ ባለሙያዎን ሲጠይቅ፣ ጌጥ ነው፣ ለአራሽ ምን ያደርግለታል ተባለ። በኋላ ደጅ ልጠና ስመጣ ብረቶቹን በዓይኔ አየኋቸው፤ ጫፍ ለጫፍ ተበይደው፣ ቆርቆሮ ለብሰው፣ የመኪናዎ ማቆሚያ ጥላ ሆነዋል። መኪናዎ በጣም ያምራል፤ ቀለሙን ፀሐይ እንዳያገረጣው ማሰብዎም ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለዚያ ጠዋት። ባለቤቴ የላይኛውን እርከን አርሶ ሲዞር አንደኛው የኋላ ጎማ ግማሽዋ የተቀበረች ድንጋይ ላይ ወጣ። ግመሉ ዘንበል አለ፤ ለአፍታ ያህል የሚመለስ መስሎ ቆመ፤ ከዚያ ተገልብጦ ባለቤቴን ከሥሩ አስቀርቶ በጀርባው ተኛ። መሪው ደረቱ ላይ ተተክሎ የጎድን አጥንቶቹን ሲሰብር ድምፁን ከደጃፌ ሆኜ ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሞተሩ ግን፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥራት ያለው ነውና ተገልብጦም አልጠፋም። እየተንቀጠቀጠ የባለቤቴን እግር ከድንጋዩ ጋር ይፈጨው ጀመር፤ የጭሱ ቱቦም ሥጋውን ጠበሰው። ቁልፉን ለማጥፋት በሆዴ ተስቤ ከማሽኑ ሥር ስገባ ዓይኑ ፈጦ ያየኝ ነበር፤ ለመጮኽ እንኳ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከነመለኪያ ሜትሯ ከስፌት ላይ ተነሥታ እየሮጠች ደረሰች። ሁለታችን ግንድ አስገብተን ማሽኑን ከደረቱ ላይ ስንፈነቅል የትከሻዬ መጋጠሚያ ወለቀ፤ እሷ ደሙ እንደ ቧንቧ ሲንዠቀዠቅ አይታ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጭኑን አሰረችበት። ሐኪሙ ያቺ ሜትር ባትኖር ኖሮ አስከሬን ነበር የምታመጡልኝ ብሎናል። ያቺ ሴት ናት እንግዲህ ሐሙስ ግመሉ ላይ የምትወጣው።

አራተኛ፣ ስለ አጣሪዎችዎ ፍጥነት። ማሽኑን ሳያዩ፣ መሬቱን ሳይረግጡ፣ እኛንም ሳያስቸግሩ የአደጋው መንስኤ የነጂው ችኮላ ነው ብለው ደምድመዋል። ክቡርነትዎ ሰፈራችንን ስለማያውቁት ነው እንጂ ባለቤቴን ማንም በስሙ አይጠራውም፤ «ቀስ በሉ» ነው የሚሉት። ጉርሻ እንኳ ሲያኝክ ሌላው በልቶ እጁን ታጥቦ ይጠብቀዋል። እኔን ለማግባት አማላጅ እስኪልክ ድረስ እናቴ ተስፋ ቆርጣ ለሌላ ልትድረኝ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የነበሩ ሽማግሌዎች እውነታቸውን ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ባለሙያዎ ጥርሶች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለሙያው ባለቤቴ ገና ከሰመመን ሳይነቃ ወደ ሕክምና ቤቱ መጥተው ማሽኑ ምንም ጉድለት አልነበረበትም የሚል ወረቀት አውጥተው፣ የተኛውን ሰው አውራ ጣት ይዘው ቀለም ውስጥ ሊነክሩ ሲሉ ወንድሜ ደረሰባቸው። ወንድሜ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከአጥንት ጋር ሲታገል ስለሚውል ለወረቀት ሥራ ትዕግሥት የለውም። ወረቀቱን አጣጥፎ አፋቸው ውስጥ ከተተው፤ ሊተፉት ሲሉ በቡጢ አስዋጣቸው። ባለሙያውን አጅበው የመጡት ዘበኞችዎ በበኩላቸው ወንድሜን መሬት ጥለው በዱላና በጫማ ውለታውን መለሱለት፤ ቅንድቡ ተተርትሮ ተሰፍቷል፤ አንድ ጆሮው እስከዛሬ አይሰማም። ሁለቱን የባለሙያዎን ጥርሶች ከአልጋው ሥር ለቅሜ በጨርቅ ቋጥሬ በአደራ አስቀምጫለሁ። እግራችንን የመለሳችሁ ዕለት እንመልሳለን።

ስድስተኛው ስለ ሐኪሙ መጋዝ ነበር። ጽፌው ነበር፤ ቀድጄዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የለውም። ግመሉን ደሙ ሳይደርቅበት ጠግነው፣ አዲስ ቀለም ቀብተው፣ ከባለቤቴ መኝታ መስኮት ፊት ለፊት አቆሙልን፤ ዓይኑን በገለጠ ቁጥር የሚያየው እሱን ነበር። የልብስ ሰፊዋ መሬት ከእኛ የባሰ ቁልቁል ነው። በሕይወቷ የነዳችው ነገር ቢኖር የስፌት መኪና ነው፤ እሱም ወደ ወንዝ አይንከባለልም። እምቢ እንዳትል ደግሞ ትራክተሩን ያልተረከበ ከዘር ዕደላ ይሰረዛል ተብላለች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ሌላ መሬት የላትም። ከደጃፌ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አይቻታለሁ፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፦ ሌላው ይቅር፣ ዳክዬውም ይቅር፣ ብረቱን መልሳችሁ በይዱበት አልኩ። ባለሙያዎ በጎደለ ጥርሳቸው እያፏጩ፣ ብረቱ ከተነሣ የክቡር ኃላፊው ጥላ ይወድቃል አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሐሙስ በከንቱ እንዳይደክሙ የሚከተለውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ትናንት በቀትር፣ አገር ምድሩ እያየ፣ የድንጋይ መፍለጫ መዶሻችንን አንሥቼ ትራክተሩን ገደልኩት። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። መጀመሪያ መሪውን መታሁ፤ ያ መሪ ደረት ላይ ሲተከል አይቼዋለሁና እስኪጠማዘዝ፣ ከዚያም እስኪነቀል ድረስ መታሁት። ቀጥዬ መብራቶቹን አፈሰስኩ፤ የውሃ ማቀዝቀዣውን በረቀስኩ፤ የነዳጅ ቱቦዎቹን እንደ አንጀት ጎልጉዬ አወጣሁ። ሞተሩ ግን እምቢ አለኝ። የወለቀው ትከሻዬ እያቃጠለኝ ስደበድበው መዶሻው እየነጠረ ይመለስ ነበር። ያኔ ባለቤቴ ትራሱን ተደግፎ በመስኮት ብቅ አለ። ይከለክለኛል ብዬ ነበር። ከላይ አይደለም፣ ብረቱ የሚሳሳው ከጎን ነው፣ ከጎኑ ምቺው አለኝ። በጎኑ መታሁት። ሲሰነጠቅ ዘይቱ ጥቁር ሆኖ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽዎትም፣ ከተወለድኩ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ዘይቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ልብስ ሰፊዋም አጥሩን ዘልላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ይህን ያደረግኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ ሱቁ ነበር፤ ባለቤቴ መነሣት አይችልም፤ ልብስ ሰፊዋ መዶሻውን በእጇ አልነካችም። ልታስሩኝ ስትመጡ ቤታችን ቁልቁለቱ አናት ላይ ያለው ነው። መኪናዎን ግን ታች አቁመው በእግርዎ ይውጡ፤ ድንጋዩ ጎማ ያዳልጣል፣ እርስዎም ለእኛ ውድ ነዎት። በፍርድ ቤት ፊት ለመቆም ደግሞ ዝግጁ ነኝ፤ ሁለት እግር አለኝ።

ለረጅም ዕድሜዎ፣ ለሹመትዎ መደላደል፣ ለመኪናዎም ከፀሐይና ከዝናብ መጠበቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ፊትዎ ለመቆም የማትበቃ መሆኗን ጠንቅቃ የምታውቅ፣ የዘወትር ታዛዥዎ፣

የቀስ በሉ ሚስት

ሳይረሳ፦ የቀሩት ትራክተሮች፣ ብረታቸው እንደተቆረጠ፣ በየቁልቁለቱ ተበትነዋል። ስለዚህ ይህች የመጨረሻ መስመር ለክቡርነትዎ ሳትሆን እነሱን ለተረከባችሁ ጎረቤቶቼ ናት። መዶሻው በራችን ላይ ተደግፎ ቆሟል። ማመልከቻ አይጠይቅም፤ ኮሚቴም አይሰበሰብበትም። እጀታው ትንሽ ስለሚላላ ግን ከመምታታችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ንከሩት።