ውሃው ይቆይ፣ እናቴ ትውጣ

ለተከበሩ የሰፈራችን ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለካልሲዎም ዘወትር ደረቅ መሆንን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኛም ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልዎ የእናቴ ሳል ከታች እየተሰማኝ ነው።

ሰሞኑን የደረሰን ደብዳቤዎ፣ እናቴ የምትኖርበት ምድር ቤት በእርጥበት ምክንያት ለሰው መኖሪያነት ስለማይበቃ እስከ ወሩ መጨረሻ ለቅቃ እንድትወጣ ያዝዛል። ይህን ያህል ስለተጨነቁልን ባደባባይ ላመሰግንዎ ተነሣሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይዘበራረቅብኝ በተራ በተራ አስቀምጬዋለሁ። እናቴን ለማያውቋት አንባቢዎች፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ወደ ምድር ቤቱ በጓሮ በኩል ደረጃ ሳይወጡና ሳይወርዱ ይገባል፤ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ መኝታዋም የሥራ ቦታዋም እዚያው ነው።

አንደኛ፦ ስለላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። እኚህ ሰው ጫማቸው እንዳይበላሽ ስለሚሳሱ ብቅ የሚሉት ፀሐይ ስትወጣ ብቻ ነው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ እዚህ ግባ የሚባል ውሃ እንደሌለ ካረጋገጡልን በኋላ፣ ለማንኛውም ብለው አቅማችንን ያገናዘቡ ርካሽ መፍትሔዎችን ነገሩን።

ሁለተኛ፦ ስለ መፍትሔዎቹ አመሰግናለሁ። ኖራ ቀቡት ተባልን፤ ቀባነው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተልጦ ወረደ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ድፈኑት ተባልን፤ ደፈንነው፤ ውሃው ሌላ ስንጥቅ ፈለገ። እርጥበት ይመጥጣል ተብሎ በየጥጉ ያስቀመጥነው ከሰል ደግሞ ዛሬ እሳት እንኳ አይይዘውም። መስኮቱን ክፈቱ የተባለውን የፈጸምን ዕለት የገባውን ባልነግርዎ ይሻላል። በመጨረሻ አልጋውን ብሎኬት ላይ አውጡት ተባልን፤ ይኸውና ደረጃ መውጣት ያቃታት እናቴ አሁን አልጋዋ ላይ ለመውጣት ደረጃ ያስፈልጋታል። ጠዋት ጠዋት ውሃው ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ይጠብቀኛል እያለች ትቀልዳለች። እኔን ግን አያስቀኝም።

ሦስተኛ፦ ስለ አዲሱ ጣሪያዎ እንኳን ደስ አለዎት። ጽሕፈት ቤትዎ ከቤታችን ጋር ጎን ለጎን ስለሆነ ደስታው ለእኛም ተርፏል። ጣሪያው እስኪቀየር ድረስ ያ ግድግዳ ውሃ የሚባል አያውቅም ነበር። አዲሱ አሸንዳ ግን የጣሪያዎን ዝናብ ሁሉ ሰብስቦ የሚያራግፈው በቀጥታ ከግድግዳችን እግር ሥር ነው። ለአሸንዳው ጫፍ አንዲት ማጠፊያና አንዲት አጭር ቧንቧ በራሳችን ወጪ ገዝተን፣ ውሃውን መንገድ ዳር ወዳለው ቦይ እንድናዞረው ብንለምን፣ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እንዳንነካው፣ ጉዳዩም በባለሙያ እንደሚታይ ተነገረን። ባለሙያውም መጥተው አዩት፤ ፀሐይ ነበር፤ ከአሸንዳው ጠብ የሚል ነገር ስላላገኙ ችግር የለም ብለው ሄዱ።

አራተኛ፦ ከርካሽ መፍትሔዎች ሁሉ ርካሹን ያገኙት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ውሃውን ከማስወጣት ሴትዮዋን ማስወጣት! ኖራ አይፈጅ፣ ሲሚንቶ አይፈጅ፣ አንድ ፊርማ ብቻ። እኛ ይህን ሁሉ ጊዜ ስንደክም እንዴት አላሰብነውም?

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ፈርቻለሁ። እኔ ያለሁባት የላይኛዋ ክፍል ሌላ አልጋ ስለማትይዝ፣ የእናቴ ሌላ መጠጊያ የወንድሜ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። አንዴ ተሸክመን ካወጣናት በራሷ እግር ደጅ መውጣት ይቀራል፤ መንገደኛ በመስኮቷ ጎንበስ ብሎ እንዴት አደርሽ እናቴ ማለቱም ይቀራል። አሁን ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ፣ በወሩ መጨረሻ የት እንደምሆን አላውቅም እያለች ትመልሳለች፤ ቀድሞ የተቀበለችውን ብቻ ለመጨረስ ትጣደፋለች። አደራ የሰው ዕቃ ሳልመልስ እንዳልወጣ ትላለች። የምንለምንዎ ቤት አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም፤ የአንድ ቧንቧ አፍ ፊቱን እንዲያዞር ይፍቀዱልን፤ ትእዛዙንም ይሻሩልን።

ከዘወትር ትዕግሥት፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከማይደርቅ ምስጋና ጋር፤
በአሸንዳዎ ሥር የምትኖር፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ እናቴ ለመጨረስ ከምትጣደፍባቸው ልብሶች አንዱ፣ እንዲያጥር በጸሐፊዎ እጅ የላኩት ጥቁር ሱሪ ነው። ተሰፍቶ አልቋል፤ ከሁሉ ከፍ ያለው ሚስማር ላይ ብንሰቅለውም ሊደርቅልን ስላልቻለ፣ አንድ ቀን በዝናብ መጥተው ራስዎ ቢወስዱት ደስ ይለናል። ካዘዙት ልክ ትንሽ ቢያጥርብዎ ይቅርታ ያድርጉላት። እዚሁ ለብሰውት ሲወጡ ጫፉ ውሃ እንዳይነካብዎ አስባ ነው።