ስለ ካፒታን ባልዶናዶ ማይክሮፎን

ለተከበሩ የታሊናዋን መንደር ሹም፣ ለካፒታን ኮርኔሊዮ ባልዶናዶ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎ ለወይዘሮ ፍሎርዴሊሳ፣ ይልቁንም ለማይደክመው ድምፅዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ገበያው ጫፍ ላይ ደረቅ ዓሣ የምሸጠው ፔትሮኒላ ነኝ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደ ዓሣዎቼ ፀሐይና ጨው ጠብቀውኝ አለሁ።

ይህችን ደብዳቤ በገበያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኳት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። እርስዎ ራስዎ በየስብሰባው «በታሊናዋን ምስጢር የለም፣ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» እያሉ ያስተማሩንን በሥራ ላይ ለማዋል ያህል ነው።

አንደኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ ስለተደረገው የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከከተማ በጀልባ የመጡትን ሐኪሞች በቅርጫት ኳስ ሜዳችን ማስተናገድዎ፣ ሴቶቹ በመጋረጃ ተከልለው ሲመረመሩ ወጣቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ጨዋታቸውን እንዳያቋርጡ መፍቀድዎ፣ ለተመረመሩትም ሩዝ በዕጣ ማደልዎ የአርቆ አሳቢነትዎ ምስክር ነው። ኳሷ መጋረጃውን ደጋግማ መምታቷን እንደ በደል አልቆጥረውም፤ ኳስ ምን ታውቃለች።

ሁለተኛው የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ እርስዎ በሚገባ አሰምተውልናል። ይህች ልጅ በአሥራ አራት ዓመቷ ስታረግዝ ትምህርት ቤቱ ለጓደኞቿ መጥፎ ምሳሌ እንዳትሆን ብሎ ወደ ቤቷ ሸኛት። ብዙም ሳይቆይ ለክፍል ጓደኞቿ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሲሰጥ፣ እሷ ቤት ቁጭ ብላ የሕፃን ልብስ ትሰፋ ነበር። ኋላም ሄዳ ብትጠይቅ ክትባቱ ለተማሪ ልጃገረዶች ነው፣ አንቺ እናት ነሽ ተባለች። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል። ያለ ጊዜው ደም እየፈሰሳት በፍርሃት ከርማ፣ በስንት ልመና ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ጸሐፊዎ ገና ልጅ ስለሆነች እናቷ ካልፈረመች አትመረመርም አለቻት። እናቷ የሌላ ሰው ልጅ ለማሳደግ ሆንግ ኮንግ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ልፈርም ብል አክስት አትቆጠርም ተባልኩ። ይህችው ልጅ ባለፈው ወር ለልጇ የኩፍኝ ክትባት እዚያው ጸሐፊዎ ፊት በገዛ እጇ ፈርማለች። እንግዲህ ለልጇ ሲሆን እናት፣ ለራሷ ሲሆን ልጅ መሆኗን ስላስረዱን ምስጋናችን ወደር የለውም።

ሦስተኛው የማይክሮፎኑ ነገር ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ምርመራውን ፈርታ የሸሸች መሰለዎት። በደግ ልብዎ ተነሣሥተው (ደግነትዎን ከቶ አልጠራጠርም) ሕዝቡን ለማዝናናት በሜዳው ዳር በካራኦኬ የጀመሩትን ዘፈን አቋረጡና፣ ጸሐፊዎ በጆሮዎ ያሾከሾከችልዎትን በካራኦኬው ማይክሮፎን ስሟን ጠርተው እንዲህ አሉ፦ «ነይ እንጂ የኔ ልጅ! ደም ይፈስሻል አሉኝ፤ ምን ያሳፍራል? ለመውለድ ያላፈርሽ!» ተጫዋቾቹ ሳቁ። የድምፅ ማጉያው ጥራት የሚደነቅ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ባሕር ላይ ሆነው ሰምተውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ከደጃፍ አልወጣችም። ከተማ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስለምናት፣ የልጇን ልብስ እያጠበች፣ ቀና ሳትል «ቲያ፣ አክስቴ፣ ሞቼ ልገላገል እንጂ ዳግመኛ ስሜ አይጠራም» አለችኝ።

ካፒታን፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። እህቴ ልጇን አደራ ብላኝ ነው የሄደችው፤ እፈራለሁ።

አራተኛው አጭር ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት ኪንታሮትዎን ለመታከም ባርኔጣዎን እስከ ቅንድብዎ ደፍተው፣ ጎህ ሳይቀድ በመንደሩ ጀልባ ወደ ከተማ ሲሻገሩ አይተን እንዳላየን የሆንነው ማይክሮፎን አጥተን አይደለም። ቤተሰብ ስለሆንን ነው።

ስለዚህ ያንኑ ጀልባ ለሐሙስ እንዲያውሱን፣ ለሚቀጥለው ምርመራም በር ያለው ክፍል እንዲፈልጉልን፣ አሳዳጊ አክስትም ከሰው እንድትቆጠር እንዲያደርጉልን በትሕትና እለምናለሁ። እርስዎም ዘፈንዎን አይተዉ፤ ብቻ ከወደቡ ማዶ ይሁን።

ድምፅ የሰጠዎ አምላክ ጆሮም እንዲጨምርልዎ ዘወትር የምትጸልይ፣
ትሑት አክባሪዎ
ፔትሮኒላ ማግባኑዋ

ሳልረሳው፦ ልመናዬ ለሥርዓት ያህል ነው እንጂ የጀልባውን ቁልፍ ባለቤትዎ ትናንት አምጥተው ሰጥተውኛል። ልጅቷም ለመሄድ እሺ ያለችው እሳቸው «እኔም አብሬሽ ገብቼ እመረመራለሁ» ስላሏት ነው። ቅዳሜ ዕለት ራሴን አሞኛል ብለው ከምርመራው ለምን እንደቀሩ እኔ አልናገርም፤ ቤትዎ ሲገቡ፣ በሩን ዘግተው፣ ቀስ ብለው ይጠይቋቸው።