ቢጫው ፓራፋንጎ

ክቡር ዳኛ ወንድሜ፣

መኪናዋን ከግቢ ብታጣት አትደንግጥ። እማዬ እየነዳች አባዬን ከመናኸሪያ ልናመጣው ሄደናል።

ፓራፋንጎዋ ተቀይሯል። አዎ፣ ሳላስፈቅድህ። ሰማያዊ መኪና ላይ ቢጫ ፓራፋንጎ፣ በቃ በቀቀን መስላለች፣ እኔ ግን ሞቼላታለሁ። "አባዬ ሳያያት ቀለም ትቀባ" እንዳትል፣ አላስቀባም። የግቢውን በር የገጨሁባት እኔ ነኝ፣ እኔው እነግረዋለሁ።
ቁልፉን ከኪስህ መውሰዴ ግን ልክ አይደለም፣ እሺ።

ደግሞ ስማ። ባትላሜራው አሮጌውን ሲፈታው ከቀለሙ ስር ጣት የሚያህል ስቱኮ አገኘና፣ "ይቺማ ድሮም ተገጭታለች፤ ወንድምሽ አይደል እንዴ አባቴ ሳያይ ድፈንልኝ ብሎ የለመነኝ?" አለኝ። ሳቅ ገደለኝ። ወር ሙሉ "አባዬ ሃያ ዓመት አንዲት ጭረት ሳያሳርፍባት" እያልክ ስትፈርድብኝ የከረምከው አንተ ነህ አይደል?
ማታ ማታ አለቅስ ነበር እኮ።
ይቅር።

ልብሱን ዝናብ ሳይመጣ አስገባ። አሮጌው ፓራፋንጎ አልጋህ ላይ ነው፣ ስቱኮው ወደ ላይ።

ያንተን ለአባዬ አልነግረውም። ብቻ ስንደርስ በር ላይ ጠብቀን፣ እኔ ነግሬው ስጨርስ ዝም ካልክ ያን ጊዜ እንተያያለን።