እናትሽ ዘንድ የሚሄደው ዳቦ

ኤልሳቤ፣

ወይን ለቀማ ሄጃለሁ፤ እስኪመሽ አልመለስም።

መስኮቱ ሥር ብርድ ልብስ ለብሶ የተቀመጠው ሊጥ ነው። ብርድ ልብሱ ያንቺ ነው፤ የኔው ስስ ነው። ያቦካሁት በተብላላ የወይን ጭማቂ ስለሆነ ይሸታል። ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው። ባለፈው የደፋሽውን እያነሳሁ አይደለም።

ኩፍ ሲል እያድቦለቦልሽ ቅቤ የቀባሁት ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቂው። ቦታ ካገኘ ወደ ጎን ይተኛል፤ ከተጠጋጋ ነው ወደ ላይ የሚያድገው። ሲበስል በእጅ ይላቀቃል እንጂ በቢላ አይነካም።

ከዚያ ለእናትሽ ውሰጂላቸው። እኔ ባለሁበት ቤት ድርሽ እንደማይሉ ነግረውሻል አሉ።

እሑድ እናትሽ ያመጡትን ዳቦ ቀምሼ "እትዬ ሄትሲ፣ ይሄ ቡና ውስጥ ካልተነከረ ጥርስ ይሰብራል" ማለቴ እውነት ነበር። እሳቸው "ለመሆኑ አንቺን ማን አስተማረሽ?" ሲሉኝ "ማንም፤ ስለዚህ ስህተት የሚያስተምረኝም አልነበረም" ማለቴ ግን…

ምድጃው በግራ በኩል ያሳርራል፤ ግማሽ ሲበስል አዙሪው።

ሊጡ ውስጥ የአኒሱን ቅመም እሳቸው የሚያደርጉትን ያህል አድርጌያለሁ። አሁንም በዝቷል ባይ ነኝ።

ማን ጋገረው ካሉሽ፣ አንቺ ነሽ። ካላመኑሽ እንዳመጣልሽ መልሺላቸው።

መሃል ያሉት ለስላሶቹ ናቸው፤ እነሱን ለእሳቸው። ጠርዝ ላይ ያሉትን ደረቆቹን ለኔ ተዪልኝ። ቡና ውስጥ ነክሬ እበላቸዋለሁ።

ሪያና