ሰማዩን የሚያሞቁ ሰዎች

ቤግማይዬ፣

ቢሽኬክ በበረዶ ተቀብራለች፤ እኔ ግን አክስቴ ቤት በስስ ቀሚስ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። እኛ ኦሽ ከተማ የመስኮቱን ስንጥቅ በወረቀትና በዱቄት ሙጫ ስንደፍን፣ እዚህ በጥር ብርድ መስኮት በርግደው ነው የሚኖሩት! ከድንጋይ ከሰል ማሞቂያ ጣቢያው የሚመጣው ሙቀት መቀነሻ ስላልነበረው፣ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ይህንኑ ነው።

ዘንድሮ መንግሥት ለአክስቴ ሕንፃ ግድግዳ የብርድ መከላከያ አልብሶ፣ ለየቤቱም መቀነሻ ገጠመለት። ፍጆታው በሲሶ ከቀነሰ ከጣቢያው ሦስት ጭስ ማውጫዎች አንዱ ይዘጋል፤ መከላከያውን ለመልበስ ቀጣዩ ተረኛም ኦሽ ያለው የእኛ ሰፈር ነው ተብሏል። አክስቴ ኡምሱናይ ግን መስኮቷን እንደከፈተች ነበር። ትናንት አምስተኛ ፎቅ የሚኖረው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ታላይቤክ መጥቶ፣ "እማማ፣ ሰማዩን ነው እንዴ የሚያሞቁት?" አላት።

ደሟ ፈላ። መቀነሻውን አዙራ፣ መስኮቷን ጠርቅማ፣ ግቢ ወርዳ ቆመች። "አንቺ ሁለተኛ ፎቅ! ሰማዩን ለማን ብለሽ ነው የምታሞቂው?" እያለች በየተራ ስትጣራ፣ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በመጨረሻ አንድ ብቻ ክፍቱን ቀረ። አምስተኛ ፎቅ ነው።

"ታላይቤክ! ሰማዩ አልቦታል፣ ዝጋለት እንጂ!"

ግቢው በሳቅ ሲያውካካ፣ መስኮቱን የሳበችው እጁ ብቻ ታየችን።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ለከርሞ ለመስኮት ሙጫ ብላ የምታስቀምጠውን ዱቄት ያንን በዘይት የሚጠበስ ሊጥ፣ ቦርሶኳን፣ ትጥበስበት በያት።

ያንቺው አይዛዳ